የመኪና ውኃ፤ ከብላቴ ዳር እስከ ዳሞታ ወገብ

ከሶዶ ከተማ በስተምሥራቅ፥ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ቀስ በቀስ እየተዋረደ ወደ ብላቴ ወንዝ ሸለቆ በሚወርድበት አገር፥ የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው የበዴሳ ከተማ ትገኛለች። በዚህ አቀበት ጭነት ተሸክሞ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና፥ ይልቁንም ዕድሜ የተጫነው እንደ ሆነ፥ ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላና እንፋሎቱን እየለቀቀ ከመንገዱ ጥግ ይቆማል፤ ረዳቱም «ጋሼ፥ ፈላ!» ብሎ ዘሎ ይወርድና ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ሰክቶ፥ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ነገሩ ውኃ በመጨመር ብቻ ያልተወገደ እንደ ሆነም ሾፌሩ በማግስቱ ራዲያተሩን ፈትቶ ያወጣና፥ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስደግፎ፥ ጭቃውና ዝገቱ አልቆ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ሲያጥበው ይውላል። አላፊ አግዳሚው ይህን ሥራ ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፥ ራዲያተር ማጠብና መበየድ በአገራችን የራሱ ጥንተ ነገር ያለው ተግባረ እድ መሆኑን፥ ይኸውም ከተራሮቻችን ከፍታና ከወንዞቻችን ደለል የተወለደ ሙያ ስለ ሆነ ታሪኩ ሊጻፍለት የሚገባ መሆኑን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፥ ይህ የሚታየው ዓለም ከአራቱ ባሕርያት ማለት ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሠራ ይናገራሉ፤ እሳት ውዑይና ይቡስ ማለት ትኩስና ደረቅ፥ ውኃ ቆሪርና ርጡብ ማለት ቀዝቃዛና እርጥብ በመሆኑም አንዱ የሌላውን ኃይል እየገታ ፍጥረት ጸንቶ ይኖራል ይላሉ። የሞተርን ጠባይ ለሚመረምር ሰው ይህ ትምህርት እንግዳ አይሆንበትም። በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከሲሶው ብዙ አይበልጥም፤ የቀረው ከፊሉ በጭስ መውጫው ሲወጣ፥ ከፊሉ ብረቱን እያጋለ ይከማቻል፤ ይህን የተከማቸ ሙቀት የሚያነሣለት ካላገኘም ብረቱ ተጣሞና ተጣብቆ ሞተሩ ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ ውኃ በሞተሩ ግድግዳ ውስጥ ዞሮ ሙቀቱን ይሸከማል፤ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ገብቶ፥ በብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ተከፋፍሎ ሲወርድ በቧንቧዎቹ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ በታችኛውም ቱቦ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንደገና ይሸከማል። እሳት፥ ውኃና ነፋስ በዚህ ሁኔታ ተስማምተው ሲሠሩ፥ አራተኛው ባሕርይ መሬት ግን በአቧራና በደለል መልክ እየገባ ስምምነታቸውን ያፈርሳል፤ የአጣቢው ሥራም ይህንኑ መሬት ከውኃውና ከነፋሱ መንገድ ማውጣት ነው።

በደጋ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ብርቱ ነገር ይጨመራል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀደመ ይፈላል። በመሆኑም ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተኛው በአባያ ሐይቅ ዳር በ96 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፥ ወደ 2,000 ሜትር በሚደርሰው የሶዶ ከፍታ በ93፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንግዲህ ከቆላ ተነሥቶ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሙቀት በሚያፈልቅበት በዚያው ሰዓት፥ ውኃው ቶሎ መፍላት ይጀምራል፤ አየሩም ሳስቶ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ይደክማል። በሜዳ አገር ለተሠራ መኪና የሚበቃው ራዲያተር በእኛ አገር ለምን እንደማይበቃ፥ የእኛም ሾፌር ከሌላው አገር ሾፌር ይልቅ ስለ ውኃ ሲጨነቅ ለምን እንደ ኖረ ከዚህ ይታወቃል።

የራዲያተር ታሪክ በዓለም ላይ ረጅም አይደለም። በጀርመን አገር ካርል ቤንዝ የሠራት የመጀመሪያይቱ ባለ ሦስት እግር መኪና ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ውኃው በሞተሩ ዙሪያ ይፈላና በእንፋሎት ይተን ነበር እንጂ ተመልሶ የሚቀዘቅዝበት መሣሪያ አልተበጀለትም። ስለዚህም ሚስቱ በርታ ቤንዝ በ1888 በፈረንጆች አቈጣጠር ልጆቿን ይዛ የመጀመሪያውን ረጅም የመኪና ጉዞ ስታደርግ በመንገድ ላይ ካገኘችው ውኃ ሁሉ እየቀዳች ትጨምር ነበር፤ ይህንም ሳነብ የዓለም የመጀመሪያይቱ የመኪና መንገደኛ ያደረገችው ነገር ከእኛ ረዳቶች ሥራ አለመለየቱ ደስ ያሰኘኛል። ከዚያ በኋላ በዚያው አቈጣጠር በ1900 እና በ1901 መካከል ቪልሄልም ማይባኽ የተባለው ሊቅ ለመርሴዲስ መኪና አዲስ ዐይነት ማቀዝቀዣ አበጀ፤ ይኸውም ወርዳቸውና ቁመታቸው ስድስት ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነ 8,070 ትንንሽ ቧንቧዎች አንድ ላይ ተበይደው የቆሙበት ሲሆን፥ በእነርሱ ውስጥ ነፋስ፥ በመካከላቸውም ውኃ እንዲያልፍ ሆኖ በመሠራቱ ጥቂት ውኃ ብዙ ሙቀት እንዲያነሣ አስቻለ። ዛሬ በመኪና ሁሉ አፍ ላይ የምናየው ራዲያተር የዚያ ልጅ ነው። ሄንሪ ፎርድ በብዙ ሚሊዮን እየሠራ የሸጠው መኪና ደግሞ ውኃ የሚገፋ ፓምፕ እንኳ ሳይኖረው፥ የሞቀ ውኃ ወደ ላይ፥ የቀዘቀዘውም ወደ ታች በሚሄድበት በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ይሠራ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ በእሳትና በውኃ ኃይል መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ብረት ነዳጅ የሚጠጣ መኪና አልነበረም። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው፥ እስከ ዛሬም ድረስ የሰርኪስ ባቡር እየተባለ በሕዝብ አፍ የሚነሣው የእንፋሎት ማሽን ከዚያ አስቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም በየጣቢያው ውኃ እየጠጣ የሚሄድ ነበረ። የመጀመሪያይቱን መኪና በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ያን በረሃና ያን ዳገት አቋርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ ያመጣላቸው ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ያች ሲድሊ የተባለች መኪና በአዋሽ በረሃና በሸዋ ዳገት ላይ ምን ያህል ውኃ እንደ ጠጣች ማሰብ አያዳግትም።

በዚሁ በ1900 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብና ማዋረድ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ ስሙ በነውር ይነሣ በነበረበት ዘመን ይህ አዋጅ ታላቅ ነገር ነበር። መኪናና አዋጁ በአንድ ዓመት መግጠማቸውን በአጋጣሚ ብቻ አልመለከተውም፤ መኪናው ሲመጣ እጁን ከብረት ጋር ያለማመደ፥ ወናፍና ከሰል የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ንጉሡ ከማንም ቀድመው ሳይረዱት አልቀሩም። በወላይታም እንደ ሌላው የደቡብ አገር ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪው ከገበሬው ተለይተው፥ በጋብቻና በማዕድ ተገልለው የኖሩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው የተቀበለ ሕዝብ እነርሱን ግን ከቤቱ ሳያስገባ መኖሩ ዛሬ ሲያስቡት የሚያሳዝን ነው።

ወላይታ ከካዎ ጦና መሸነፍ ማለት ከ1887 ዓ.ም. በኋላ ወደ ምኒልክ ግዛት ቢጠቃለልም፥ መኪና ወደዚያ አገር የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሯቸው ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ሲጓዙ ጓዛቸውን የተሸከመው በቅሎ ነበረ። በብዛት መኪና ያየነው፥ አሳዛኝ ቢሆንም፥ በፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን በሺህ የሚቈጠሩ የጭነት መኪናዎች ይዞ ገባ፤ ከእነርሱም መካከል ሾፌሮቻችን ትሬንታ ኳትሮ እያሉ የሚጠሩት ፊያት 634 ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብም የብላቴ ወንዝና የሶዶ ከተማ የውጊያ ስፍራ ሆኑ፤ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በብላቴ ላይ በቁሊቶ ብርቱ ውጊያ ተደረገ፥ በሦስተኛውም ቀን ግንቦት 14 የእንግሊዝ የአፍሪቃ ጦር ሶዶን ያዘ። ወሩ የዝናብ ወር በመሆኑ ለሁለቱም ወገን መኪናዎች ጭቃው ከጥይቱ ያላነሰ ጠላት ሆኖባቸው ነበር።

ጠላት ከተባረረ በኋላ ከተረፉት መኪናዎች ጋር የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ጥቂት አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በአዲስ አበባና በየክፍለ አገሩ ጋራዥ ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ፥ ከሥራቸውም ያደጉት ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን በእጃቸው አገኙት። ካቻቢቴ ያቀብል የነበረው ልጅ ሲጎለምስ ሞተር ፈቺ ሆነ፤ ከሰል ያራግብ የነበረውም ራዲያተር በያጅ ሆነ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመና ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር መንገድ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ የጭነት መኪናው ቁጥር እየበዛ ሄደ። በወላይታ ላይ ግን ለውጡ የታየው ከሁሉ ይልቅ ዋዱ እየተባለ የሚጠራው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው፤ ይህም በዓለም ባንክ እርዳታ የተቋቋመ ድርጅት ከተጨናነቀው ደጋ ገበሬዎችን እያወረደ በአበላና በበሌ ቆላ አሰፈረ፥ መንገድም ከፈተ። ቆላና ደጋ በመኪና ሲገናኙ፥ ያ ከአባያ ዳር እስከ ዳሞታ ወገብ ያለው 800 ሜትር የሚያህል ዳገት የራዲያተር ሁሉ መፈተኛ ሆነ።

ያን ጊዜ መኪና ላይ ሾፌር ብቻውን አይወጣም ነበር። ረዳቱ የሾፌሩ እጅና እግር ነው፤ ጭነቱን ያስራል፥ ጎማ ይቀይራል፥ ታኮ ይጥላል፥ ከሁሉ በላይ ግን የውኃው ጠባቂ እርሱ ነው። ሾፌሩን «ጋሼ» ብሎ እየጠራ፥ እርሱ «አንተ ልጅ» እየተባለ፥ ስድቡንም ምክሩንም ተቀብሎ ዓመታት ሲያገለግል ሙያውን የሚማረው በዚህ ነው። ውኃ መቼ እንደሚጨመር፥ የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ለምን እንደማይነካ፥ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ቢፈስስ ብረቱ እንደሚሰነጠቅ፥ ሞተሩ እየሠራ ጥቂት በጥቂት መጨመር እንደሚገባ ማንም በጽሑፍ አላስተማረውም። ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ ረዳት ፊቱንና ክንዱን በፈላ ውኃ ተቃጥሎ መቅረቱ የተለመደ መከራ ነበር፤ ስንት ሰው በዚህ አካሉ እንደ ተጎዳ ሳስብ፥ የዚህ ሙያ እውቀት ሳይጻፍ በቃል ብቻ መኖሩ የቱን ያህል እንደ ጎዳን ይታየኛል።

የውኃው ነገር ግን በመጨመር አያልቅም፤ ዋናው ደዌ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ብላቴ ከሰሜን ከጉራጌና ከሐድያ ከፍታዎች ተነሥቶ፥ የታረሰውን ምድር ሁሉ እያጠበ ወርዶ ወደ አባያ የሚገባ ወንዝ ነው፤ አባያም ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ይህ ወንዝና ባልንጀሮቹ በሚያመጡለት ደለል ምክንያት ነው። ረዳቱ በክረምት ከዚህ ውኃ ቀድቶ ሲያፈስስ፥ ከውኃው ጋር የወላይታን ቀይ አፈር ወደ ሞተሩ ያስገባል። በበጋ የሚጠራው ውኃም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆ ምድር ፍል ውኃና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ስለ ሆነ ውኃው የሟሟ ማዕድን ይሸከማል፥ ይህም ማዕድን ውኃው በጋለ ቁጥር ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ብዙ ዓመት ሻይ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ድንጋይ እንደሚለብስ ሁሉ፥ የራዲያተሩም ቧንቧ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻው ይደፈናል። በዚህ ላይ የሞተሩ ብረት ራሱ በውኃ እየዛገ ዝገቱን ይለቅቃል። መኪናው በውስጡ ውኃ ሞልቶ ሳለ ቢፈላ፥ ሾፌሩ ውኃ ጨምሮ ጨምሮ ቢሰለቸው፥ ምክንያቱ ውኃው መዞሪያ ማጣቱ ነው።

አንዳንዱም ሾፌር መንገድ ላይ ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብበት፥ በብዙ አገር እንደ ተለመደው፥ ዱቄት ወይም የእንቁላል ነጭ ጨምሮ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍን ነበር። ይህ ብልሃት ከበረሃ ለማውጣት ይረዳል፤ ነገር ግን ዱቄቱ ቀዳዳውን ብቻ ለይቶ የሚደፍን አይደለምና ደኅናውንም ቧንቧ አብሮ ይደፍናል፥ ራዲያተሩም ወደ በያጁ የሚደርሰው ሁለት ደዌ ይዞ ነው።

የራዲያተር ሐኪም የሆነው በያጅ ሥራ የሚደነቅ ነው። በቀድሞው ዘመን ራዲያተር የሚሠራው ከናስና ከመዳብ ነበር፤ ቧንቧዎቹ ከናስ፥ በመካከላቸው የሚገቡት ስስ ቅጠሎች ከመዳብ፥ የላይኛውና የታችኛው ጋን ደግሞ እንዲሁ ከናስ ሲሆኑ፥ ሁሉም እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ በተሠራ መበየጃ ይያያዛሉ። ይህ መበየጃ ከናሱ ቀድሞ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ በመሆኑ፥ ባለሙያው ጋኖቹን በእሳት አላቅቆ ያነሣና ቧንቧዎቹን አፋቸውን ከፍቶ ያገኛቸዋል። ከዚያም ጠፍጣፋ ቀጭን የብረት ዘንግ በየቧንቧው ውስጥ እያስገባ ድንጋዩንና ዝገቱን ይገፋል፤ ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፥ ዘንጉ ጥቂት ቢሳሳት ግድግዳው ከወረቀት እምብዛም የማይወፍረውን ቧንቧ ይበሳዋልና። ቆሻሻው የበረታበት እንደ ሆነ ራዲያተሩን በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ይቀቅለዋል። ንጹሕ ሲሆንም ጋኖቹን መልሶ ይበይዳል፥ አፎቹን ሁሉ ደፍኖ ነፋስ ይነፋበታል፥ ውኃ በሞላ በርሜልም ያጠልቀዋል፤ አረፋ የወጣበት ስፍራ ቀዳዳው ነው። ወናፉ፥ ከሰሉ፥ የጋለው የመዳብ መበየጃና የእጁ ትዕግሥት፥ ማረሻ ያወጣው፥ ለቤተ ክርስቲያንም መስቀልና ጽና ያበጀው የጥንቱ አንጥረኛ ገንዘብ ነው። በነውር ይጠራ የነበረው ሙያ በጋራዥ ሲገለጥ ባለጸጋውም ባለ ሥልጣኑም መኪናውን ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ማየት፥ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያልፈጸመውን ነገር የመኪና ራዲያተር በጥቂቱም ቢሆን እንደ ፈጸመው ያሳያል። ይህን ስል ነቀፌታው ፈጽሞ ጠፍቷል ማለቴ አይደለም።

ወደ በያጁ መድረስ የማይቻልበት ጊዜ ግን መጣ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ፥ መለዋወጫ ሲወደድና ሲታጣ፥ ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፥ አዲስ ራዲያተር መግዛት ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሆነ። ሾፌሩም ባለ መኪናውም ያለውን ራዲያተር ማኖር ግዴታ ሆነበትና፥ ከቤት ደጃፍ አውርዶ ማጠብ በዚያ ዘመን ተስፋፋ። ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ሌሊት ያደረ መኪና ጧት ቢፈታ ይሻላል። ክዳኑ ይከፈታል፥ ከታች ያለው መክፈቻ ተላቅቆ አሮጌው ውኃ በዕቃ ይጠራቀማል፤ ቱቦዎቹ ማጥበቂያቸው በካቻቢቴ ላልቶ ይወጣሉ፥ ማራገቢያውን የሚከልለው ቆርቆሮ ይነሣል፥ ራዲያተሩም ከእግሩና ከራሱ ያሉት ቡሎኖች በመፍቻ ተፈትተው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ዋናው ምሥጢር ከዚህ በኋላ ነው፤ ውኃው ዘወትር ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ቆሻሻው በዚያው አቅጣጫ ተወትፏል፥ ስለዚህ አጣቢው ራዲያተሩን ገልብጦ ወይም ቱቦውን ከታችኛው አፍ አስገብቶ ውኃውን በተቃራኒው መንገድ ይሰድደዋል። መጀመሪያ ቀይ ሆኖ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ በመጨረሻም ጠርቶ ይወጣል። የውጩን ቅጠሎችም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በለዘበ ውኃ ያጥባል፤ በመንገድ የሞቱ ነፍሳት፥ የጤፍ ገለባና አቧራ ነፋሱን የሚከለክሉት ከፊት በኩል ተጣብቀው ነውና ወደ መጡበት መግፋት ይገባል። በኃይለኛ ውኃ የሚያጥብ ሰው ስሱን ቅጠል አጥፎ የነፋሱን መንገድ ራሱ ይዘጋዋል፤ ይህን ስሕተት ዛሬም በየመኪና ማጠቢያው እናያለን።

ከአርባ ዓመት ወዲህ ባለው ዘመን ራዲያተር ራሱ ተለወጠ። ናስና መዳብ ቀርቶ ቧንቧው ከአሉሚኒየም፥ ጋኑ ከፕላስቲክ ተሠራ፤ ቀላልና ርካሽ ሆነ፥ ነገር ግን በከሰልና በእርሳስ የሚጠገን አልሆነም። ኮስቲክ ሶዳ ናሱን ያጸዳ የነበረው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ የቀድሞው ባለሙያ እውቀት በአዲሱ ብረት ላይ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለና አዲሱን ራዲያተር በአሮጌው ሥርዓት ማጠብ አይገባም። ክዳኑም ቢሆን ዛሬ ተራ ክዳን አይደለም፤ ውኃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፥ በአንድ ባር ግፊት የታፈነ ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ሳይሆን በ120 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ በዚህም የከፍታችን ጉዳት በብዙው ተቃለለ። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽም መጣ፤ በወላይታ ውኃ በረዶ ስለማይሆን ብዙ ሰው ኩላንትን የብርድ አገር ዕቃ አድርጎ ይቈጥረዋል፥ ነገር ግን ዝገትን የሚከለክልና መፍያውን የሚያዘገይ ስለ ሆነ ለቆላችን ይልቁን ያስፈልጋል። ቮልስዋገን ግን ውኃ የማይሻ፥ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለ ነበረው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ሆኖ በአገራችን ተወድዶ ኖረ፤ ዛሬም በበዴሳና በሶዶ ጎዳና ሰው የሚያመላልሱት ባጃጆች አብዛኞቹ እንዲሁ በነፋስ የሚቀዘቅዙ በመሆናቸው፥ በእነርሱ ላይ ሙያ የለመደ ወጣት የራዲያተርን ነገር ሳያውቅ ማደግ ጀምሯል።

ስለዚህ በሶዶ ያለው የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ፥ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቻቸውን ወደ አሮጌዎቹ በያጆችና ሾፌሮች ልከው፥ የናሱን አበያየድ፥ የዘንጉን አገባብ፥ የዳገቱን የውኃ ሥርዓት ከአፋቸው ሰምተው እንዲጽፉ እለምናለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በቤቱ ራዲያተሩን አውርዶ ለሚያጥብ አንባቢም አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ፥ ነገሩ ግን መርዝ ነውና፥ ከታች የተቀበልከውን አሮጌ ውኃ ከብት ከሚጠጣበት ቦይ ወይም ልጅ ከሚጫወትበት ደጅ አታፍስስ፤ በዕቃ ዘግተህ ልጆችም ከብትም ከማይደርሱበት አኑረው።